ላምፕሬ ስለሚባለው የወንዝ ፍጥረት



አንድ ፍጥረት በስፍራው ሲኖር በረከት፥ ከስፍራው ሲወጣ ግን ጥፋት ሊሆን ይችላል። ለዚህም ላምፕሬ የሚባለው የውሃ ፍጥረት ምስክር ነው። በኢትዮጵያ ወንዞች አይገኝም፤ አብዛኛው ወገኑ በአውሮፓ፥ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ውሆች ይኖራል።

መልኩ እባብ ይመስላል፤ መንጋጋም ቅርፊትም የለውም። አፉ ክብ ሆኖ ዙሪያውን ጥርስ የተተከለበት ነው። በወንዝ ጠጠር መካከል ከእንቍላል ይፈለፈልና በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ፥ ውሃው የሚያመጣለትን ደቃቅ ነገር እየተመገበ ብዙ ዓመት ይቈያል። ከዚህ በኋላ የባሕሩ ዓይነት ወደ ባሕር ወርዶ በዓሦች ጎን እየተጣበቀ ደማቸውን ይመጣል። በመጨረሻም ወደ ወንዝ ተመልሶ እንቍላሉን ጥሎ ይሞታል፤ ሥጋውም ለወንዙ ፍጥረት ምግብ ይሆናል።

በአሜሪካ ምዕራብ በኮሎምቢያ ወንዝ አገር የሚኖሩት ያካማ፥ ኡማቲላና ሌሎችም ነባር ነገዶች ላምፕሬን ከፏፏቴ ሥር እየለቀሙ ይበላሉ፤ እንደ ተቀደሰ ምግብም ያከብሩታል። ወንዙ በተገደበ ጊዜ ግን መንገዱ ስለ ተዘጋበት ቍጥሩ እጅግ አነሰ። ዛሬ ነገዶቹ ከግድቡ በታች እየያዙ ወደ ላይኛው ወንዝ ያደርሱታል።

በካናዳና በዩናይትድ ስቴትስ መካከል ባሉት ታላላቅ ሐይቆች ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። የናያጋራ ፏፏቴ ለላይኞቹ አራት ሐይቆች እንደ ቅጥር ነበረ። ሰዎች ግን ለመርከብ ማለፊያ የዌላንድን ቦይ ቈፍረው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1829 ዓመት ከፈቱት፤ በኋላም አሰፉት። መርከብ ባለፈበት ላምፕሬም አለፈ። በ1921 በኢሪ ሐይቅ ታየ፤ በ1938 እስከ ሱፒሪዮር ሐይቅ ደረሰ። አንዱ ላምፕሬ በጠቅላላው እስከ 18 ኪሎ ያህል ዓሣ ሊያጠፋ ይችላል። ከመጠን ያለፈ ማጥመድም ስለ ተጨመረበት፥ ትራውት የሚባለው ዓሣ በብዙው ስፍራ አለቀ፤ አጥማጆችም እንጀራቸውን አጡ።

ሊቃውንቱ ግን ላምፕሬን በሰፊው ሐይቅ አላሳደዱትም። ኑሮውን ቢመረምሩ፥ የሚደክመው ገና በወንዝ ጭቃ ውስጥ ሳለ መሆኑን ዐወቁ። 6000 ያህል ልዩ ልዩ ቅመሞችን ከፈተኑ በኋላ፥ ሌላውን ዓሣ እምብዛም ሳይጎዳ የላምፕሬን ልጆች የሚገድል አንድ መርዝ አገኙ፤ ከ1958 ጀምሮም ይሠሩበታል። በብዙ ስፍራ ከመቶው 90 እጅ ያህል ቀነሰ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። በ2020ና በ2021 በወረርሽኝ ምክንያት ሥራው ቢጓደል፥ ቍጥሩ እንደ ገና ጨመረ።

እንግዲህ ሰዎች በአንዱ አገር የተዘጋውን ከፈቱ፥ በሌላው አገር የተከፈተውን ዘጉ፤ በሁለቱም ስፍራ በውሃው ውስጥ ማን እንደሚኖር አስቀድመው አልመረመሩም። ስለዚህ ወንዝ ለመገደብ፥ ቦይ ለመቈፈር፥ ወይም ዓሣ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ለማዛወር የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።