ጎርፍ፣ ፍርሃትና እምነት በአቃቂ

በአቃቂ ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው የፍልሰታ ጾምና የጎርፍ ስጋት አብረው ይመጣሉ፤ ሁለቱም የነሐሴ ናቸው። ታዲያ ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተነሥቶ ልጆቹን ወደ ከፍታ የሚያወጣ ምእመን እምነቱ ጎደለ? አልጎደለም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠላት ቢዝትበት ጸለየ፤ ጸልዮም አልተቀመጠም፣ ሌት ተቀን የሚጠብቅ ዘበኛ አቆመ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ደግሞ ክርስቶስ ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ቢባል እምቢ አለ፤ ሆን ብሎ አደጋ ውስጥ መግባት እግዚአብሔርን መፈታተን ነውና።

«እንግዲያስ ጥንቃቄው ካዳነ ጸሎቱ ለምን?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ፍርሃት ግን ሰውን የራሱን ዕቃ ብቻ ያሳየዋል። ጸሎት ውሃውን ባያቆመው እንኳ፣ በእግዚአብሔር የተማመነ ልብ የአሮጊት ጎረቤቱን በር ለማንኳኳት ፋታ ያገኛል። ሳይሰጉ መተኛትን እምነት የሚሉ ሰባኪዎች ግን ቤታቸው ከወንዙ የራቀ ይመስለኛል።