የራሱን ድርሻ የሚገዛ ወፍጮ
(በአይከል ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



አክሲዮን የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን፣ በቴሌብር ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ 9,900 ብር ያለው የጭልጋ ሰውም ባለድርሻ ለመሆን ቻለ። በዚያው ዓመት በጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። እንግዲህ ነገሩን ማወቅ ግዴታችን ነው።

በምሳሌ እንናገር። አሥር የአይከል አባወራዎች አዋጥተው ወፍጮ ተከሉ እንበል። ወፍጮው በዓመት 20,000 ብር ቢያተርፍ ለያንዳንዱ 2,000 ይደርሳል። ሁለቱ ሊወጡ ፈለጉ፤ ከወፍጮው ሣጥን ተከፍሏቸው ድርሻቸው ተሰረዘ። የቀሩት ስምንቱ 2,500 ብር ያገኛሉ። ወፍጮው ግን አንድ ቁና እህል እንኳ ጨምሮ አልፈጨም! ኩባንያ የራሱን አክሲዮን ገዛ ማለት ይህ ነው።

ወፍጮውን ለሚያስኬደው ሠራተኛ ደግሞ «ከሦስት ዓመት በኋላ ድርሻ በዛሬው ዋጋ መግዛት ትችላለህ» ተባለ። ዋጋው ከጨመረ ልዩነቱ የእሱ ነው፤ ከቀነሰ አይገዛም። ሠራተኛው እንደ ባለቤት እንዲያስብ ያደርገዋልና ሐሳቡ መልካም ነው።

ነገር ግን ሣጥኑን የሚያዝበት እሱ ራሱ ቢሆንስ? ድንጋዩ ተበልቷል፤ መለወጥ አለበት። እሱ ግን በገንዘቡ ድርሻ ቢያስገዛ የቀረው ድርሻ ዋጋ ከፍ ይላል፤ የራሱንም ሸጦ ይሄዳል። ድንጋዩ ሲሰበር ጉዳቱ የቀሩት ነው።

ስለዚህ ነው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን እንዲህ ያለው ግዢ በጠቅላላ ጉባኤ እንዲፈቀድና ከተጣራ ትርፍ እንዲከፈል ያዝዝ የነበረው፤ ያም ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል። በአሜሪካ ግን በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣ ደንብ፣ ገደቡን ጠብቀው ለሚገዙ ኩባንያዎች ገበያ አጭበርብራችኋል ከመባል ከለላ ሰጠ፤ ግዢውም እጅግ በዛ። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1 ከመቶ ግብር ተጣለበት።

እኛ ድርሻ መግዛትን አንቃወምም። ትርፍ ገንዘብ ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ ለባለቤቱ መመለሱ ተገቢ ነው። ነገ በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ስንቀመጥ ግን እጃችንን ከማውጣታችን በፊት እንጠይቅ፦ ድንጋዩ ተለውጧል ወይ? የሠራተኛው ደመወዝ ተከፍሏል ወይ? ግዢውን የወሰነው ሰው ስንት ድርሻ አለው?