የ1,800 ብር ሪፖርት፦ ስለ ብላሽና ስለ ስልክ መጽሐፍ
(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ገንዘብ ያዣችን እትዬ «ለፊት ቀለምና ለልቦለድ የሚዋጣ ገንዘብ ከየት መጣ?» ብለው እንደጠየቁኝ ታስታውሳላችሁ። መጠየቃቸው ትክክል ነበር። እኔም «እያንዳንዷን ብር ቆጥሬ ሪፖርት አቀርባለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ፤ ይኸው መጣሁ። ለለጋሾቻችን አስቀድሜ ልናገር፦ ለብድር መነሻ ከሰጣችሁን ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አልነካንም። አሥራ ሁለት ሴቶች፣ አራት ከሰበታ፣ አራት ከቡራዩ፣ አራት ከሱሉልታ፣ ከየመቀነታችን 150 ብር አዋጣን። 1,800 ብር ሆነ። «ለልጅ ሳይሆን፣ ለቤት ሳይሆን፣ ለራሳችሁ ብቻ ምን ትፈልጋላችሁ?» ብንባባል ሰባታችን የምንዋብበት ነገር አልን፣ አምስታችን መጽሐፍ። ስለዚህ ሁለቱንም ሞከርን።

ነገሩ የተነሣው ግን ከቀልድ አይደለም። ከመካከላችን አንዷ፣ የሰበታ ልጅ ናት፣ ስሟን እንዳልጠራ፣ ታሪኳን ግን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ጉንጯ ላይ ማድያት ወጣባት። ገበያ ላይ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ፣ የአምራች ስም የሌለው «ፊት የሚያጠራ» ክሬም ገዛች። በመጀመሪያው ወር ፈካች፤ ያያት ሁሉ አማረብሽ አላት። በአራተኛው ወር ቆዳዋ ሳሳ፣ ፀሐይ ሲነካት እንደ እሳት ይለበልባት ጀመር፣ ማድያቱም ከቀድሞው ጠቁሮ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳትከናነብ ከቤት አትወጣም ነበር። ቁጠባዋን በልጇ እጅ ትልካለች እንጂ ስብሰባ አትመጣም። ስለ ዶሮ እርባታ ስንት ቀን ሠልጥነናል፤ ፊታችን ላይ ስለምንቀባው ነገር ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ስለማንቀባ አይደለም፣ ስለምናፍር ነው።

እንዲህ ባሉ ክሬሞች ውስጥ በብዙ አገር ተመርምረው የተገኙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሜርኩሪ ነው፤ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። ሁለተኛው ሐኪም ብቻ የሚያዝዘው ጠንካራ ስቴሮይድ ነው፤ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉት። ለጊዜው ያጠራሉ፣ ሲቆዩ ቆዳ ያሳሳሉ። ክሬሙን ድንገት ማቆምም ፊትን ሊያስቆጣ ስለሚችል፣ የጀመረች ሴት ብልቃጡን ይዛ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ጎረቤት ዘንድ አይደለም፤ እኔም ዘንድ አይደለም።

አሁን ወደ ብላሹ ልምጣ። ስሙ ራሱ ያስቃል። ጉንጭ የሚያቀላውን ቀለም ፈረንጅ ብላሽ ይለዋል፣ በእኛ አፍ ብላሽ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ «ብላሽ ገዝታ ገንዘቧን ብላሽ አስቀረች» እያለ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀብኝ። እናቶቻችን ቀይ ቀለም አያውቁም ማለት ግን አይደለም። እንሶስላ ቀጥቅጠው እጃቸውንና እግራቸውን ሲያቀሉ ያደግን ነን። ጉንጭ ላይ መቀባቱ ነው ለብዙዎቻችን አዲስ።

በውጭ አገር ርካሽ የሚባሉ ስመ ጥር መዋቢያዎች አሉ። ኢ.ኤል.ኤፍ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀምር ዕቃውን በ1 ዶላር ይሸጥ ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ዕቃ በመንገደኛ ሻንጣ ስለሚመጣ የርካሽ ስሙን አየር ማረፊያ ጥሎት ይገባል። ስለዚህ እኛ የሞከርነው እዚሁ በሰፈራችን ሱቅና መንገድ ዳር የሚሸጠውን ነው። አራት ብላሽ ገዛን፤ 280፣ 320፣ 450 እና 350 ብር፣ ድምሩ 1,400 ብር። በጋራ ስለምንሞክር የጆሮ ጥጥና አልኮል በ120 ብር ጨመርንበት።

የ280 ብሩ ፈዛዛ ሮዝ ዱቄት ነው። ከመካከላችን ቀይ ለሆኑት ለሁለቱ አማረ፤ ለእኛ ለጠይሞቹ ግን እንጀራ ስትጋግር ቆይታ አመድ የበነነባት ሴት አስመሰለን። ምክንያቱ ነጭ ቀለም ስለሚበዛበት ነው፤ ጠይም ቆዳ ላይ ነጩ ወጥቶ ይታያል። ሻጩ «ሴት ሁሉ የሚወስደው ይሄንን ነው» ብሎን ነበር። ሴት ሁሉ ምን እንደሚሆን አሁን አወቅን።

የ320ው ደግሞ የሸክላ ቀለም ያለው ዱቄት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሲታይ ያስፈራል፣ በርበሬ ይመስላል። አንዷ «ይሄን ለወጥ ነው ወይስ ለፊት?» አለች። ግን በጥጥ በትንሹ ነክቶ በጣት ወደ ጆሮ አቅጣጫ ሲሰራጭ፣ ለጠይሟም ለጠቆር ላለችውም ከውስጥ የመጣ ደም መሰለ። ከአሥራ ሁለታችን ዘጠኛችን እሱን መረጥን። ስለዚህ ጠይም የሆናችሁ፣ ሳጥኑ ውስጥ የሚያስፈራችሁን ቀለም አትሽሹ።

የ450ው ክሬም ነው። ሱሉልታ ላይ በዚያ ብርድና ንፋስ ቆዳ ሲደርቅ የሱሉልታዎቹ ክሬሙን ወደዱት፤ ዱቄቱ እነሱ ላይ ይሰነጣጠቃል። ሰበታ ገበያ ላይ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ፀሐይ ሽንኩርት ስትሸጥ የዋለች እኅታችን ላይ ከላብ ጋር ወርዶ አንገቷ ደረሰ። ብላሽ እንደ ድንች ዘር ነው ማለት ነው፤ ለደጋው የሚሆነው ለቆላው አይሆንም። ሰበታን ቆላ አልኩ፣ ሰበታዎች ይቅር በሉኝ።

የ350ው ፈሳሽ ነው። መንገድ ዳር ሸራ ላይ ከተዘረጋው ሆን ብለን ገዛነው፣ ብዙዎቻችን የምንገዛው ከዚያ ስለሆነ። የአምራች ስም የለውም፣ ውስጡ ምን እንዳለ አልተጻፈም፣ ቀንም የለውም። ማንም ጉንጭ ላይ አላስነካሁትም። አንዲት ፈቃደኛ እኅት በክንዷ የውስጥ በኩል ነጥብ ያህል ቀባችና አሳደርነው። ጠዋት ቀልቶ፣ ያሳክካታል። ጣልነው። ገንዘብ ያዣችን 350 ብሩን ኪሳራ ብለው ጽፈውታል፤ እኔ በጀት ላይ «ሥልጠና» በሚለው ይገባ ነበር ባይ ነኝ።

ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ፦ የአምራቹን ስምና አገር፣ ውስጡ ያሉትን ነገሮች ዝርዝር፣ የመጠቀሚያ ጊዜውን። ክዳኑ የተከፈተ ትንሽ ዕቃ ሥዕል ውስጥ 12 ወይም 24 ቁጥር ካያችሁ፣ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ወር ነው። መዋቢያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ የጎዳችሁን ዕቃ ሳትጥሉ ለእነሱ ማሳየት ይቻላል። እኛ መጣላችን ስሕተት ነበር። ሌላው፣ እኛ ቡናም ጨውም ስለምንዋዋስ ብሩሽም እንዋዋሳለን። ተዉት። የከንፈር ምች በሊፒስቲክ፣ የዓይን ሕመም በኩል እንጨት ይተላለፋል። በሙከራችን አንዴ ፊት የነካ ጥጥ ወደ ሳጥኑ አልተመለሰም።

ብላሽ በጋራ ገዝተን ለየብቻ የምንቀባው ከሆነ፣ ንባቡ የተገላቢጦሽ ነው፤ አንዷ ከፍላ አራት ትሰማለች።

ዛሬ አንድ አዲስ ልቦለድ 500 ብርና ከዚያ በላይ ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ነው፤ ግን ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከቡራዩ አስኮ፣ ከሰበታ አየር ጤና፣ ከዚያም ሌላ ታክሲ። ደርሳ ለመመለስ ግማሽ ቀን የሚተርፋት ሴት ከመካከላችን ካለች እጇን ታውጣ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስታችንም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ነን ይባላል፤ እርስ በርስ ለመገናኘት ግን ዛሬም አዲስ አበባን አቋርጠን ነው።

በየወሩ እየከፈሉ መጽሐፍ በስልክ ማንበብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ተከራይተው ያነበቡ እዚህ አሉ፤ መያዣ ታስይዛላችሁ፣ በቀን ሳንቲም ትከፍላላችሁ፣ ትመልሳላችሁ። ይኸኛውም ኪራይ ነው። ክፍያው ሲያበቃ መጽሐፉ ይዘጋል። በዓለም የታወቀው የአማዞን ኪንድል አንሊሚትድ አሜሪካ ውስጥ በወር 11 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ 680 ብር አካባቢ ይሆን ነበር፤ ዶላሩ በ130 ብር ቢሰላ ከ1,550 ብር ያልፋል። በዶላር የሚከፍል ካርድም የለንም። ስለዚህ በቴሌብር የሚከፈልበት አንድ የአገር ውስጥ አፕ መረጥን፤ በወር 150 ብር፣ እስከ ሦስት ስልክ ይፈቅዳል። ለየከተማው አንድ ስልክ። በቀረን 130 ብር የዳታ ጥቅል ገዛን፤ 1,800ው አለቀ። ለማወቅ ያህል፦ ጽሑፉ ብቻ የሆነ መጽሐፍ ጥቂት ሜጋ ባይት ነው፣ የሚደመጠው ግን በሰዓት 30 ሜጋ ባይት ገደማ ይበላል። አንዴ አውርዳችሁ ዳታውን ዝጉት።

«ቴሌግራም ላይ በነጻ እያለ ለምን እንከፍላለን?» ያላችሁኝ አላችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ይከለክላል፤ ከአዋጁ በፊት ግን የእኛ የሰበታዋ ሸማኔ የፈጠረችውን ጥለት ሌላው አባዝቶ ሲሸጥባት እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዴት እንደተቆጣን አስታውሱ። ደራሲም የሸመነውን ነው የሚሸጠው።

በሦስቱ ከተሞች ንባቡ ሦስት ዓይነት ሆነ። ቡራዩ ላይ ዓይናቸው ደክሞ ከስድስት ዓመት ወዲህ መጽሐፍ ያልገለጡ እማማ ነበሩን። ፊደሉን በጣት ገፋ አድርገን አተለቅንላቸው፤ በአንድ ገጽ አራት መስመር ብቻ ቀረ። «እናንተ ቡናውን አፍሉ» ብለው ስልኩን ቀሙንና ብቻቸውን አነበቡ። ሱሉልታ ላይ አንዷ በአማርኛ ታነባለች፣ ሌላዋ በአፋን ኦሮሞ ታስረዳለች። እዚያ የተጠየቅሁት ጥያቄ እስካሁን ይከነክነኛል፦ «በእኛ ቋንቋስ ስንት መጽሐፍ አለበት?» ከፍቼ ፈለግሁ፤ በመረጥነው አፕ ውስጥ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ሌላ አፕ እስክናገኝ ድረስ ለሱሉልታዎቹ እኩል ከፍለው እኩል አላገኙም። ይህ በቃለ ጉባኤው ይጻፍልኝ።

ሰበታ ላይ ያነበበችው ያቺ ነጠላ የምትከናነበው እኅታችን ናት። ብላሽ አልሞከረችም፤ ሐኪሟም ለጊዜው ምንም እንዳትቀባ ብሏታል። ድምፅዋ ግን! ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ የሰሙ እናቶች «በሥራችን መካከል ጆሯችንን ሰረቀችው» አሉ። በርበሬ እየቀነጠሱ ይሰማሉ፣ «ቆይ፣ ያቺን ቦታ ድገሚልን» ይላሉ። እንዲህ እየተደጋገመ ስለሄደ በ30ኛው ቀን አራት ምዕራፍ ሲቀር አፑ ተዘጋ። የልቦለዱን ስም አልናገርም፣ ቡራዩዎች ጨርሰው መጨረሻውን ሊነግሩን ዓይናቸው እየተቅበጠበጠ ነው። በነጋታው ማንም ሳይጠይቃት ከራሷ 150 ብር ከፍላ አስከፈተችው። እማኝነቱ የቴሌብር መልእክቱ ነው፣ እጄ ላይ አለ። ለጋሾቻችን፣ በሪፖርት ቅጻችሁ ላይ ይህን የምንጽፍበት ሳጥን አላገኘሁም።

ገንዘብ ያዣችን እትዬ፣ 150 ብሩ ለእሷ ይመለስ ወይስ መዋጮ ተብሎ ይያዝላት፣ ዛሬ ይወሰንልን። እሷ «ይያዝልኝ» ብላለች። ወርሃዊ ክፍያው ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ለአንዲት ሴት 12 ብር ከ50 ነው፤ መቀጠል የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ተመዝገቡ። የሸክላ ቀለሙን ብላሽ መሞከር የምትፈልጉም በሩ አጠገብ አለሁ። ጥጣችሁን ይዛችሁ ኑ።