ጋኔነ ቀትር፤ ስለ መንፈሳዊ ተጋድሎ ለመምህራን የተሰጠ ንግግር



በግብፅ በረሃ የኖሩ ጥንታውያን መነኮሳት ከአጋንንት ሁሉ የከፋው በሌሊት የሚመጣው አይደለም ይሉ ነበር። እንደ እነርሱ አስተያየት እጅግ የሚከብደው ፀሐይ በሰማይ መካከል ስትቆምና የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ሲሰበሰብ የሚመጣው ነው። መዝሙረ ዳዊትም በ90ኛው መዝሙር ይህንኑ ፈታኝ ያነሣዋል፤ የግእዙ ንባብ ጋኔነ ቀትር ይለዋል።

ስለዚህ ፈታኝ አብልጦ የጻፈው በፈረንጆች አቈጣጠር በ399 ዓ.ም. ያረፈው ኤዋግሪዮስ ነው። ይህ መነኩሴ የሰውን ልብ የሚዋጉትን ክፉ አሳቦች ስምንት አድርጎ ሲቈጥር የልብ ዝለትን ስድስተኛ አደረገው፤ የቀትሩም ጋኔን እርሱ ነው አለ። ሰዓቱንም ወስኖ ተናገረ፤ ከ4 ሰዓት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት ድረስ ነፍስን ከቦ ይይዛል። የጥንቱ የሰዓት አቈጣጠር ከኢትዮጵያው ጋር አንድ ስለ ሆነ ፈረንጅ አንባቢ ለዚህ ቃል ማስታወሻ ያስፈልገዋል፤ ኢትዮጵያዊው ግን እንደ ተጻፈ ያስተውለዋል። አሠራሩም እንዲህ ነው። አስቀድሞ ፀሐይ የቆመች፣ ቀኑም የማያልቅ ያስመስላል። ከዚያ መነኩሴው ደጋግሞ ወደ ውጭ እንዲመለከት ያደርገዋል፤ ቀጥሎም የሚኖርበትን ስፍራና የእጁን ሥራ ያስጠላዋል፤ ከወንድሞች መካከል ፍቅር ጠፍቷል፣ የሚያጽናናህም የለም ይለዋል፤ ያሳዘነው ሰው ካለ ያን ያስታውሰዋል። በመጨረሻም የተዋቸውን ዘመዶቹንና የቀድሞ ኑሮውን፣ ኑሮ የሚቀልበትንም ሌላ አገር በዓይነ ልቡናው ይስልለታል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መነኩሴው በዓቱን ጥሎ እንዲወጣ።

ይህን ቃል በጂቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ ሰባት ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ስለ ሩቅ ዘመን የተጻፈ ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ካርቲየ ሰባት ከፈረንሳዮች ዘመን ጀምሮ በቍጥር ከተሰየሙት ሰፈሮች አንዱ ነው፤ ሶማሌው፣ ዓፋሩ፣ የመናዊውና ኢትዮጵያዊው በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፉበታል። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ኀምሲን የሚሉት ነፋስ ትኵሳትና አቧራ ይዞ ይነፍሳል። ቀትር ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ ሥራ ይቆማል። ከኢትዮጵያ ደጋ ተቈርጦ የተጫነው ጫትም በዚያው በቀትር ግድም ይደርሳል። ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት መብረዝ በሚሉት መቀመጫ የሚያልፍ ነው።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳይጣደፍ ያስፈልጋል። ጫት በጂቡቲ በሕግ የተፈቀደ፣ መንግሥትም ቀረጥ የሚሰበስብበት ነገር ነው፤ ቅጠሉን የሚቅም ሁሉ የርኩስ መንፈስ ማደሪያ ነው የሚል ሰባኪ ከቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ምስክር አያገኝም። የመነኮሳቱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ሰው በሥራ ፈት ሰዓቱ ምን ያስባል የሚል ነው። ከወሎ ወይም ከሐረርጌ ወርዶ በካርቲየ ሰባት ጠባብ ክፍል ከአምስት ባልንጀሮቹ ጋር የሚተኛ ወጣት በቀትር የሚሰማው ድምፅ ኤዋግሪዮስ እንደ ጻፈው ያለ ነው፤ በዚህ ስፍራ አትረባም፣ የሚወድህ የለም፣ ከባሕሩ ማዶ ግን ኑሮ ይቀልልሃል ይለዋል። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ኦቦክ አለ፤ ከኦቦክም በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚወስደው መንገድ ስንት ወጣት እንዳስቀረ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ቤተ ሰብ ይሰማሉ። እርግጥ ነው፣ አገሩን የሚለቅ ሁሉ በጋኔን ተታለለ አይባልም፤ ረኀብ ረኀብ ነው፣ ዕዳም ዕዳ ነው። በድኻው ላይ የሚደርሰውን መከራ ሁሉ ለሰይጣን አስረክቦ ደላላውን ነጻ የሚያወጣ ትምህርት ለሰይጣን ራሱ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

ለዚህ ድምፅ መልሱ ምንድን ነው ቢባል፣ የሀገራችን ሊቃውንት ከአክሲማሮስ የሚያስተምሩት ታሪክ አለ። ሳጥናኤል ፈጣሪ እኔ ነኝ ብሎ በተነሣ ጊዜ መላእክት ታወኩ፤ እኩሌቶቹ አመኑት፣ እኩሌቶቹ ተጠራጠሩ። ያን ጊዜ ቅዱስ ገብርኤል አምላካችንን እስክናገኘው ድረስ በያለንበት ጸንተን እንቁም ብሎ አረጋጋቸው ይላሉ። ቅዱስ ሚካኤል ሰይፍ ይዞ የሚሣልበት ውጊያ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ተጋድሎ እንግዲህ ስፍራን አለመልቀቅ ነበር። ይህም በጥምቀት ሥርዓት ይታያል፤ ወንዱ ሕፃን በ40 ቀኑ፣ ሴቲቱ በ80 ቀኗ ሲጠመቁ የክርስትና አባት ወይም እናት ስለ ሕፃኑ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፣ ወደ ምሥራቅም ዞሮ ሃይማኖትን ይመሰክራል። መጽሐፈ መነኮሳት የተባሉት ሦስቱ መጻሕፍት፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ይህን ክሕደትና ምስክርነት በዕለት ዕለት ኑሮ እንዴት እንደሚፈጽሙት የሚያስተምሩ ናቸው።

የአባ እንጦንስ ገድልም ከዚህ አይርቅም። አትናቴዎስ እንደ ጻፈው አጋንንት በአንበሳና በእባብ፣ በጊንጥና በተኵላ አምሳል ሲከቡት፣ እርሱ ኃይል ቢኖራችሁ አንዳችሁ በበቃችሁኝ ነበር ብሎ አፌዘባቸው። (በነገራችን ላይ፣ በጎንደር በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የነበሩትን የጥንት ሥዕሎች በፈረንጆች አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. ከዳካር እስከ ጂቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የምርምር ጓድ ከግድግዳው አንሥቶ፣ በምትካቸው ቅጂ ሰቅሎ ወሰዳቸው። ዛሬ የሚገኙት በፓሪስ ነው። ከዚያው ጓድ ሚሼል ሌሪስ የተባለው ጸሐፊ በጎንደር ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ስለ ዛር የመረመረውን ኋላ በ1958 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። የዛርን ነገር ከእርሱ የሚማር ተማሪ፣ የተጋድሎን ነገር ከአገሩ መምህራን ሳይሰማ ቢያልፍ ያሳዝናል።)

ነገር ግን የዚህ ትምህርት አደገኛ ጎን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ይኸውም በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468፣ ተገልጧል። ንጉሡ በሃይማኖት የጸና፣ መጻሕፍትን ያጻፈ ሰው ነበር። ሕዝቡ ደስክና ዲኖ የተባሉትን አጋንንት እንዳያመልክ ሲል በግንባራቸውና በክንዳቸው የሥላሴን ስምና ሰይጣንን መካዳቸውን የሚያስታውቅ ጽሕፈት እንዲያደርጉ አዘዘ። ይህ እንኳ በጥምቀት የተነገረውን ቃል ማጽናት ነው ሊባል ይችል ነበር። ዳሩ ግን ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ክስ ክስን ወለደ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ደስክን አመለከ እያለ ያሳብቅ ጀመር፤ ክሱም ወደ ቤተ መንግሥት ገብቶ የንጉሡ የገዛ ልጆች በዚሁ ነገር ተከሰው ተቀጡ፣ ከቅጣቱም ጽናት የተነሣ የሞቱ አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ተጋድሎው ሥጋና ደም ከለበሰ ሰው ጋር እንዳልሆነ ለይቶ ተናግሮ ነበር። በዘርዐ ያዕቆብ አደባባይ የተረሳው ይህ ነው። በካርቲየ ሰባትም ክርስቲያኑ ልጅ ከሙስሊም ጎረቤቱ ጋር በአንድ መንገድ ላይ ኳስ ይጫወታል፤ ጠላትህ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ጣቱን ወደ ጎረቤቱ የሚዘረጋ ከሆነ ያስተማረው ሰው ሐዋርያውን አላነበበም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ መምህርን በቀጥታ የሚነካው ነገር በክፍል ውስጥ በድንገት የሚወድቀው ልጅ ነው። ልጁ ሲንፈራገጥ ባልንጀሮቹ ይሸሹታል፣ ጋኔን ይዞታል ይባላል፤ ወዲያውም ከትምህርት ቤት ይቀራል። የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 4፣ ቁጥር 24 ወደ ጌታ የመጡትን ድውያን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎችንም ለብቻ አድርጎ ቈጥሯል። ወንጌላዊው የለየውን መምህር ሊደባልቀው አይገባም። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው፤ ፌኖባርቢታል የተባለው ርካሽ መድኃኒት እንኳ በየዕለቱ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ከብዙዎች ሕመምተኞች ላይ መውደቁን ያስቀራል ወይም ያሳንሳል። ልጁ ሲወድቅ በጎኑ ማስተኛት፣ ከአጠገቡ የሚጐዳውን ነገር ማንሣት፣ በአፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አለማግባት፣ ክብሪትም አለማሽተት ነው። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቈየ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል። ሲነቃ ወደ ወንበሩ እንዲመለስ፣ ባልንጀሮቹም እንዳይሸሹት ማድረግ የመምህሩ ፋንታ ነው።

ወላጆቹ ጠበል እናስጠምቀዋለን ቢሉ ከእነርሱ ጋር መጣላት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ መለመን ነው። ለዚህም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. የሰጡትን ቃል ማስታወስ ይጠቅማል። በዚያን ጊዜ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ወደ እንጦጦ ጠበል እየወጡ መድኃኒታቸውን ይተዉ ነበር፤ ፓትርያርኩም ጠበሉና መድኃኒቱ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ እንደ ሆኑ፣ አንዱም ሌላውን እንደማይቃወም በአደባባይ ነገሯቸው።