ጃፓንኛን በጨዋታ ስለ መማር



ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጐብኝተው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለአገራቸው ሰው አስረድተዋል። ዛሬ ደግሞ ያንን አገር በራሱ ቋንቋ ለማወቅ የሚሻ ኢትዮጵያዊ፥ በናይሮቢ ላቪንግተን በሚባለው ሰፈር ቢቀመጥ፥ የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና በዚያው ከተማ ይሰጣል።

ፈተናው አምስት ደረጃ አለው፤ ቃላትን፥ ሰዋስውን፥ ንባብንና ማዳመጥን ይመዝናል እንጂ ተፈታኙን አያናግርም። ስለዚህ ጀማሪነቱን ጨርሶ ወደ መካከለኛው ደረጃ የሚገባ ተማሪ፥ የምስክር ወረቀት ይዞ ሳለ አንደበቱ ሊታሰር ይችላል።

አማርኛ ተናጋሪ ግን ስንቅ አለው። በሁለቱም ቋንቋ ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ ነው፤ ለታላቅ የሚነገረውም ለእኩያ ከሚነገረው ይለያል። ነገር ግን ይኸው መመሳሰል ያሳስታል። ኢትዮጵያዊ በእንግዳ ፊት «አባቴ መጡ» ብሎ አባቱን ያከብራል፤ ጃፓናዊ ግን በእንግዳ ፊት የራሱን አባት «ቺቺ» ብሎ በትሕትና ይጠራል፥ «ኦቶሳን» የሚለውን የአክብሮት ስም ለእንግዳው አባት ያደርጋል። «ሃይ» ማለትም ሁልጊዜ «ተስማማሁ» ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ «እየሰማሁ ነው» ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ ነጋዴ፥ ውሉ ያለቀ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል።

እንግዲህ ተማሪው ቃል ከመሸምደድ አልፎ፥ አንድ ጊዜ ጋባዥ፥ አንድ ጊዜ እንግዳ እየሆነ ዕለት ዕለት ይነጋገር። ቋንቋ በመጽሐፍ ይጀመራል፤ የሚጸናው ግን በጨዋታ ነው።