ግቢ ስትቀይሩ ኢንተግራሉን ማን ያዛውርላችኋል?



ዛሬ ስለ ባንዲራም ስለ ወሰንም አላወራም። ለሱ ከእኔ የተሻሉ ተናጋሪዎች አሉን። እኔ የማወራችሁ ስለ አፕላይድ ማትስ ነው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ የተዛወራችሁ ወይም ልትዛወሩ ያሰባችሁ በተለይ ስሙኝ።

በ2012 ዓ.ም. በየግቢው በተነሳው ግጭት ሻንጣቸውን ጠቅልለው ወደ ቤት ከተመለሱት የአማራ ልጆች አንዱ ነበርኩ። ያኔ ገጾቻችን ስለ እኛ ጮኸዋል፣ ፎቶ ተለጥፏል፣ ሻማ በርቷል። እግዜር ይስጥልን። ነገር ግን አዲስ ግቢ ከገባን በኋላ «የትኛው ኮርስ ተቆጠረላችሁ? የትኛውስ ጎደላችሁ?» ብሎ የጠየቀን ሰው አልነበረም። ግጭቱ የወሰደብኝ ሳምንታት ነበር፤ ይሄ ጥያቄ ባለመጠየቁ ግን አንድ ሙሉ ዓመት ከሰርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ሰንብቼ ተመለስኩ። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ግቢ ተዘጋ። በ2013 ስንጠራ የቀረውን በሩጫ ጨረስነው። አፕላይድ ዋን ላይ ቬክተርና ማትሪክሱን በደንብ ተምረናል፤ ሊሚትና ዴሪቬቲቭም ደህና ነበር። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ኢንተግራል ግን በሃንድአውት ተሰጠንና «ራሳችሁ አንብቡት» ተባልን። እኔ አላነበብኩትም። C አመጣሁ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ቤተሰቤ «ወደዚያ ግቢ አትመለስም» አለኝና ከብዙ ምልልስ በኋላ ዝውውር አገኘሁ።

አዲሱ ግቢ ሪጅስትራር ወረቀቴን አየ። የኮርሱ ስም አንድ ነው፣ ክሬዲቱ አንድ ነው፣ ግሬዱ አለ። ተቆጠረልኝ። ከባቹ ጋር አፕላይድ ቱ ገባሁ። ሲኩዌንስና ሲሪስን በሽምደዳ አለፍኩት። ቀጥሎ ደብል ኢንተግራል መጣ። ነጠላውን የማይችል ሰው ድርቡን ምን ያደርገዋል? F።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። እኛ ዲፓርትመንት አፕላይድ ቱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። እሱን ያላለፈ አፕላይድ ስሪን አይወስድም። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ላፕላስ፣ ቬክተር ካልኩለስ ያለው ደግሞ አፕላይድ ስሪ ውስጥ ነው። ያለ ላፕላስ ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ የለም፣ ያለ እሱም ኮንትሮል የለም። ያለ ቬክተር ካልኩለስ ኤሌክትሮማግኔቲክ ፊልድስ የለም። አንዷ F አምስት ኮርስ ይዛብኝ ቆመች ማለት ነው። እናቴ «ጓደኞችህ ሲመረቁ አንተን ምን አገኘህ ልጄ?» ስትለኝ ስለ ላፕላስ ምን ብዬ ላስረዳት? (ከባቼ ጋር ተመርቄ ቢሆን ሥራ አገኝ ነበር አልልም። ከእነሱም ብዙዎቹ እንደ እኔ ማስታወቂያ ቦርድ ስር ነው የሚውሉት። ግን አንድ ዓመት የቤተሰብ ገንዘብ ነው።)

ሪጅስትራር የሚያዛውረው ግሬድ ነው። ኢንተግራሉን የሚያዛውርላችሁ ቢሮ የለም። ስለዚህ ከምትለቁት ግቢ ሳትወጡ ስቱደንት ኮፒያችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሩጡ። የወሰዳችሁትን የእያንዳንዱን የሒሳብ ኮርስ አውትላይን ያዙ፣ ከተቻለ የዲፓርትመንቱ ማህተም ይረፍበት። ከዚያ እስክሪብቶ አንሱና በእውነት የተማራችሁትን ምዕራፍ አስምሩበት። በእውነት! ለራሳችሁ አትዋሹ። አዲሱ ግቢ ስትደርሱ ያንን ወረቀት ለሪጅስትራር አሳዩ፤ ከዚያ ግን ቀጣዩን ኮርስ የሚያስተምረውን መምህር ፈልጉና «ከምን ነው የምትጀምረው? ምን እንደምናውቅ ነው የምትቆጥረው?» በሉት። አምስት ደቂቃ ነው። እኔ ያንን አምስት ደቂቃ አፍሬ ተውኩት።

ዕቅዱን ደግሞ ከኋላ ጀምሩት። ልትመረቁበት ያሰባችሁትን ሴሚስተር ጻፉ፣ እዚያ ያለው ኮርስ ቅድመ ሁኔታው ምንድን ነው፣ የሱስ ምንድን ነው እያላችሁ ወደ ዛሬ ውረዱ። በየኮርሱ አጠገብ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ ጻፉበት። ይሄን ከካሪኩለሙ ብቻ አታምኑ፣ ሲኒየሮችን ጠይቁ፤ ወረቀት ላይ አንደኛ ሴሚስተር የተባለው ሁለተኛ ላይ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። በዓመት አንዴ የሚሰጠውን በቀይ ክበቡት። ከዚያ ቀዩ ኮርስ ያለበትን ሴሚስተር ሌላውን ጫና ቀለል አድርጉ፤ የቀረ ኮርስ ላሟላ ብላችሁ በዚያው ሴሚስተር አትደርድሩ።

የማትስ ተማሪዎች ሰንሰለታችሁ ሌላ ነው፤ ካልኩለስ ዋን፣ ቱ፣ ከዚያ የብዙ ተለዋዋጭ ካልኩለስ። ሊኒየር አልጀብራ በጎን ስለሚሄድ አንዱ ሲዘገይ በሌላው መራመድ ትችላላችሁ። ከሶሻል ወደ ናቹራል የቀየራችሁ ካላችሁ ግን ፍሬሽማን ላይ የወሰዳችሁት ሒሳብ የሶሻል ሳይንሱ ስለሆነ ሊቆጠርም ላይቆጠርም ይችላል። ከመመዝገባችሁ በፊት መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ትልቁ ጠላታችን ግን ኩራት ነው። «ከባቼ ወደኋላ አልቀርም» የሚለው። የተፈናቀለ ሰው ተሸነፍክ እንዳይባል ይቸኩላል፣ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ከጁኒየሮች ጋር ተቀምጦ ኢንተግራል መስማት እንደ ውርደት ታየኝ። ሳልመዘገብም ቢሆን መምህሩን አስፈቅጄ ለአራት ሳምንት አፕላይድ ዋን ክፍል ብገባ አንድ ዓመት አተርፍ ነበር። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ 50 ካላመጣችሁ ዲግሪ የለም። አፕላይድ በስሙ አይጠየቅም፤ እላዩ ላይ የተሠራው ኮርስ ግን ይጠየቃል።

ለንቅናቄያችን አመራሮችም አንድ ነገር ልበል፣ ካስቀየምኩ ይቅርታ። ተማሪ ሲፈናቀል ፖስት ማድረግ እናውቅበታለን። በየግቢው ያሉ አባሎቻችን አውትላይን ሰብስበው፣ የትኛው ኮርስ መቼ እንደሚሰጥ ጽፈው፣ ለሚዛወረው ልጅ ቢያቀብሉት ከመቶ ፖስት በላይ ነው። ወጪ የለውም። ክረምት ላይ ደግሞ እንደ እኔ ሥራ ፈትተን የተቀመጥን ተመራቂዎች ስለሞላን ኢንተግራል የሚያስተምር አይጠፋም።

እኔ ጀምሬያለሁ። የአፕላይድ ዋን፣ ቱና ስሪ አውትላይን እጄ ላይ አለ። የተዛወራችሁ ልጆች ስቱደንት ኮፒያችሁን ስማችሁንና አይዲያችሁን ሸፍናችሁ ፎቶ አንሱና በገጹ የውስጥ መስመር ላኩልኝ። አዲሱ ግቢያችሁን፣ ዲፓርትመንታችሁንና ቀጣዩን ሴሚስተር ጻፉበት። ከኋላ ወደ ፊት አብረን እንሠራዋለን። መጀመሪያ ግን ኢንተግራል ክፍል ውስጥ ተምራችሁት እንደሆነ ወይ በሃንድአውት እንደቀረ እጠይቃችኋለሁ።