«ድካም ነው» ብለን የምናልፈው የእግር ሕመም
(እሑድ ከሰዓት በኋላ በቡድናችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ሐኪም አይደለሁም፤ እንደናንተው ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምሠራ ነኝ። የታመሙ እህቶችን ሐኪም ቤት እያደረስኩ፣ ዐረብኛውን እየተረጎምኩ የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ።

ደም ከልብ ወደ እግር የሚወርደው በደም ወሳጅ ነው፤ የሚመለሰው በደም መላሽ። ሽቅብ መውጣት ከባድ ስለሆነ መላሹ ውስጥ ደሙን ወደ ታች የማያሳልፉ ትንንሽ በሮች አሉ፤ ስንራመድ ደግሞ ባታችን እንደ ፓምፕ ይገፋዋል። ካውያ ይዘን 3 እና 4 ሰዓት አንድ ቦታ ስንገተር ፓምፑ ይቆማል። በሮቹ ከላሉ ደሙ ይጠራቀምና ሥሩ ይገተራል። እዚህ «ዳዋሊ» የሚሉት እሱን ነው። ማታ ማታ እግር ይከብዳል፣ ያብጣል፤ ሰቀል አድርገው ሲተኙ ይቀላል። ዝም ከተባለ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ቆዳው ይጠቁርና ይቆስላል። ይህን ቁስል በክሎር ያጠበች አይቻለሁ፤ ኧረ በእግዜር፣ እሱ ለወለል ነው! ቁስሉን በዋናነት የሚያድነው ቅባት ሳይሆን በትክክል የታሰረ ጥብቅ ፋሻ ወይም ካልሲ ነው።

ግን ካልሲውን ዝም ብላችሁ ከፋርማሲ አትግዙ። ወሳጁ ሲጠብ (ሲጋራና አርጊሌ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት ያመጡታል) ነገሩ ግልብጥ ነው። ስትራመዱ ባታችሁን ይይዛችኋል፣ ስትቆሙ ይለቃል፤ እግር ይቀዘቅዛል፤ የጣት ቁስል አልድን ይላል። እንዲህ ያለውን እግር አጥብቆ ማሰር እግሩን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪሙ የእግራችሁን ትርታ ይዳስስ፤ ካስፈለገም ዶፕለር ይታይ።

እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ የረጋ ደም ነው፣ «ጀልታ» የሚሉት። አንዲት እህት ግራ ባቷ ድንገት አብጦ ሲግል ማዳሟ ፓናዶል ሰጥታ «ኻላስ፣ ሥሪ» አለቻት። 3 ቀን በዚያ እግር ደረጃ ወጣች፣ ወረደች። በ4ኛው ቀን ትንፋሽ አጠራት፤ የረጋው ደም ሳንባዋ ገብቶ ነበር። ተርፋለች፤ ደም ማቅጠኛ ለወራት ወስዳለች። እናም አንድ እግር ብቻ ካበጠ አትሹት፤ በዚያው ቀን ታዩ። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስዱ፣ በቅርቡ የወለዳችሁ ወይም ኦፕራሲዮን የሆናችሁ ይህንን ለሐኪሙ ንገሩ። ደም ማቅጠኛ የጀመረችም በራሷ አታቋርጥ፤ በአስፕሪንም አትተካው።

የተገተረው ሥር ፈንድቶ ቢደማ ተኙ፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት።

ወረቀት የለኝም ብላችሁ አትደበቁ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ ስደተኞችን በነጻ የሚያክም ክሊኒክ ከፍተው ነበር፤ ዛሬም ክፍት መሆኑን ጠይቃችሁ ሂዱ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ግን ቀይ መስቀል፣ 140። አምቡላንሱ አያስከፍልም። «ኢጅሪ ወርማኔ፣ ማ ፊዬ ኢትነፈስ» በሉ፤ እግሬ አብጧል፣ መተንፈስ አልቻልኩም ማለት ነው። የሰፈሩንና የሕንፃውን ስም ዛሬውኑ ናጡሩን ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ ስትደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ «ዌይን?» ብለው ነው።